የቀዩ ቀለም ብልቃጥ

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው አንድ ወጣት መምህር ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። አገሩ ሩቅ ነው፤ የደብረ ታቦርን ብርድ ገና አልለመደውም መሰለኝ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «የድሮ የቀለም ዕቃ ይሰበስባሉ ሲሉኝ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ» አለኝ። እውነት ነው፣ እሰበስባለሁ። ሌላው ሰው የሰርግ ፎቶግራፍና ብርጭቆ በሚደረድርበት ቁም ሣጥን ውስጥ እኔ አርባ አንድ የቀለም ዕቃ ደርድሬያለሁ። ከተማሪ ዴስክ ላይ የተነቀለ ነጭ ሸክላ አለ። እብናት ከአንድ የእህል ነጋዴ የገዛሁት የእብነ በረድ አለ፤ ሰውየው ሱረት ያኖርበት ነበር። ከጣራ ገዳም አንድ ጸሐፊ መነኩሴ የሰጡኝ የቀለም ቀንድም አለ፤ ጫፉ የተሰነጠቀ ነው፣ ደህናውንማ መሬት ላይ ተክለው ዛሬም ብራናቸውን ይጽፉበታል። መምህሩ ሁሉንም አንድ በአንድ አየና ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ካለው ትልቁ የነሐስ ዕቃ ሲደርስ ቆመ። በመካከሉ ክንፉን የዘረጋ ንስር አለበት፤ ከፊቱ ብዕር የሚጋደምበት ቦይ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ብልቃጥ የሚቀመጥባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉት። የግራው ብልቃጥ በቦታው ነው፤ ወፍራም መስታወት፣ ክዳኑ ነሐስ። የቀኙ ጉድጓድ ባዶ ነው።

«ይኼኛው ጠፍቶ ነው?» አለኝ።

«አልጠፋም። ሐሙሲት ሰው ቤት ነው ያለው» አልኩት። እሱም ማስታወሻው ላይ ጻፈና ወደ ቀጣዩ አለፈ። ሰው ቤት እንዴት ሊቀመጥ ቻለ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ብቻ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ቀጠረኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ ሕንፃውም የለም፣ ቦታው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቆሞበታል፤ ከታች ሞባይል ይሸጣሉ። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አሳስታለሁ፤ ነገር ግን ደመወዜ ሃምሳ አምስት ብር እንደነበረ፣ ቤት በወር በአራት ብር እንደተከራየሁ፣ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ከሚሰፋው ልብስ ሰፊ ዘንድ ግራጫ ጋባዲን ሱሪ እንዳሰፋሁ አስታውሳለሁ። የሱሪው እግር ሰፊ ነበር፤ ፋሽኑ እሱ ነው። ከልብስ ሰፊው ማዶ የአረብ ሱቅ ነበረ፤ በሩ ላይ ትልቅ ሬዲዮ ተቀምጦ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ሲጀምር ተማሪውም፣ አህያ ነጂውም፣ ፖሊሱም አንድ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። የቀለም ዱቄት የምንገዛውም ከዚያው ሱቅ ነበር። በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ጥቁሩም ቀዩም እኩል ዋጋ ነው። በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በጨርቅ ተጠልሎ ወደ ብልቃጥ ይገለበጣል። እስክሪብቶ ነበረ፤ ግን ለመንግሥት ደብዳቤ ነውር ነበር። ደብዳቤ የሚጻፈው እየተነከረ በሚጻፍ ብዕር ነው፤ ሲያበቃም ቀለም መምጠጫው ወረቀት ላይ ተጭኖ ይነሣል። ዛሬ የልጅ ልጆቼ በአውራ ጣታቸው ስልክ ላይ ሲጽፉ አያለሁ፤ ፍጥነታቸው ይገርመኛል፤ የተሳሳቱትን ሲያጠፉም ምልክት አይቀርም። እኛ ዘንድ ስሕተት ከጻፍክ ወረቀቱን በምላጭ መፋቅ ነው፤ የተፋቀው ደግሞ ለዘላለሙ ይታያል።

ባለ ንስሩ የነሐስ ዕቃ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው ይሉ ነበር፤ እርግጡን የሚያውቅ ግን አላጋጠመኝም። በግራው ብልቃጥ ጥቁር ቀለም፣ በቀኙ ቀይ ይሞላል። በቀዩ የሚጽፉት ኃላፊው ብቻ ነበሩ፤ ደብዳቤው ዳር ላይ «ይፈጸም» ወይም «ይቆይ» ብለው ይጽፉበታል። እኔ በተቀጠርኩ በስድስት ወሬ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ቆጥሬ ቁጥር እንድጽፍበት ታዘዝኩ። በነጭ የዘይት ቀለምና በቀጭን ብሩሽ፣ ወንበሩ ሥር፣ ሣጥኑ ጀርባ ላይ እየተንበረከክሁ ጻፍኩ። ያ የነሐስ ዕቃ አሥራ ሰባት ቁጥር ደረሰው። በሁለቱም ብልቃጦች ቂጥ ላይ 17 ብዬ ጻፍኩባቸው። ሰባትን ወገቧን በሰረዝ የማቋርጣት ልማድ አለኝ፤ አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር እንዲያ ነበር የሚጽፏት፤ እስከ ዛሬም አልተውኩትም።

ንብረት ክፍሉ በዋናው ጸሐፊ በአቶ ደምሴ ሥር ነበር። አቶ ደምሴ ረጋ ያሉ፣ ሰው የማያስቀይሙ፣ ቡናማ ካፖርትና ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰላምታው የት ላይ እንደሚቆም፣ ሰው ሳይሰደብ እንዴት እንደሚወቀስ፣ ያልተረጋገጠ ነገር እንዴት እንደተረጋገጠ ተደርጎ እንደሚጻፍ። ይህን የመጨረሻውን ያን ጊዜ እንደ ጥበብ ነበር የተማርኩት። ተላላኪያችን ደግሞ አያ ታገለ ይባላሉ። ከእኔ በስምንት ዓመት ቢበልጡ ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው መጥተው ይከፍታሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ቀለም ይሞላሉ፣ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ያመላልሳሉ። መንግሥት የሚሰጠውን የካኪ ኮት በካውያ የተተኮሰ አስመስለው ፍራሽ ሥር እያጠፉ የሚያሳድሩ ጽዱ ሰው ነበሩ። በዕድሜ ቢበልጡኝም ጸሐፊ ነኝና እርስዎ ይሉኝ ነበር፤ እኔም አያ ታገለ፣ አንቱ እላቸዋለሁ።

አንድ ክረምት፣ ቡሄ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ኃላፊው ሰኔ ላይ ተዛውረው ጠረጴዛቸው ሰው ሳይቀመጥበት ቆይቶ አዲስ ሰው ሊመጣ ነው ተባለና የርክክብ ቆጠራ ተደረገ። የቀዩ ቀለም ብልቃጥ የለም። ጠረጴዛው ሥር፣ መሳቢያው፣ መጋረጃው ጀርባ ሁሉ ተፈለገ። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «ቁልፉ ከማን ዘንድ ነው?» አሉኝ። «ከአያ ታገለ» አልኩ።  «እንግዲያው ጠይቀህ ሪፖርቱን አንተ ጻፈው፤ እጅህ ጥሩ ነው» ብለው ወጡ።

አያ ታገለን ንብረት ክፍል ጠራኋቸው። እንደ መርማሪ ተቀምጬ፣ እሳቸው ቆመው። «የት አደረግኸው?» አልኳቸው። በሕይወቴ አንተ ያልኳቸው ያን ቀን ብቻ ነው። አየት አደረጉኝ። ደግሜ ጠየቅኋቸው፤ «አላየሁትም» አሉ። ከዚያ ጻፍኩ። ዐረፍተ ነገሩን ዛሬም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ቁልፉ በእጁ የሚገኘው ተላላኪው ብቻ በመሆኑ፣ ከርሱ በቀር ንብረቱን ሊያነሣ የሚችል ሌላ ሰው አለመኖሩ ተረጋግጧል።» ያረጋገጥኩት ነገር አልነበረም። ግን አማርኛው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ደስ አለኝ። አቶ ደምሴም አንብበው «ጥሩ ጽፈሃል» አሉኝ፤ ያን ቀን ምሳዬን በኩራት በላሁ። በሦስተኛው ቀን አያ ታገለ ተሰናበቱ። የካኪ ኮቱን አወለቁ፣ አግዳሚው ላይ በሥርዓት አጠፉት፣ በሸሚዝ ብቻ ወደ ዝናቡ ወጡ። የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም። ወሬው በሳምንት በረደ።

ከዚያ ብዙ ነገር ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፣ እንደገና ተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቱ ስሙንም ቦታውንም ቀየረ። እስክሪብቶ ነውርነቱ ቀረ። አሮጌ ንብረት በጨረታ ሲሸጥ ያ ጎዶሎ የነሐስ ዕቃ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተጥሎ አገኘሁት፤ የፈለገው ሰው አልነበረም፣ እኔ ገዛሁት። መሰብሰቡ የተጀመረው በዚያ ነው። ጡረታ ስወጣ ባሰብኝ። ገበያ በመጣ ቁጥር ብረታ ብረት የሚሸጡት ዘንድ እሄዳለሁ፤ ባለቤቴ «ቀለሙን ሳትጽፍበት ብልቃጡን ትለቅማለህ» እያለች ትስቅብኛለች። ለሰው የምነግረው ዕቃዎቹ ስለሚያምሩ ነው እያልኩ ነበር፤ ያምራሉም። ግን እያንዳንዱን ሳነሣ መጀመሪያ ቂጡን ገልብጬ እንደማይ ራሴ አውቃለሁ።

አቶ ደምሴ በደህና ሽምግልና አረፉ። ከሞቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዛሬ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል፣ ባለቤታቸው እትዬ የሺ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ሲሰናዱ አስጠሩኝ። «አንተ አሮጌ ነገር ትወዳለህ አሉ። የደምሴ ሣጥን አለ፤ የሚሆንህን ውሰድ፣ ሌላውን ላቃጥለው ነው» አሉኝ። በሣጥኑ ውስጥ የተሰባበሩ ብዕሮች፣ ደረቅ የማኅተም ቀለም፣ አንድ የወርቅ ቅብ መነጽር ነበረ። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ወፍራም መስታወት። ውስጡ ደረቅ ቀይ ተጋግሯል። ገለበጥኩት። ነጩ ቀለም ግማሹ ረግፏል፤ ሰባቷ ግን ወገቧን እንደታጠቀች አለች።

«እሱን ለልጃችን ያመጣለት ነው» አሉ እትዬ የሺ። «ትምህርት ቤት ቀለም ይዛችሁ ኑ ሲሏቸው። ከመሥሪያ ቤት የተወገደ ነው ብሎኝ። ልጁ ግን ይከብደኛል ብሎ አልያዘውም።»

«ያምራል» አልኩ።

«ውሰደው እንግዲህ። እሱ አንተን እንደ ልጁ ነበር የሚያይህ።»

ለእሳቸው ምንም አልተናገርኩም። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ ባላቸውን በየዓመቱ ይዘክራሉ። ወስጄው ቤቴ ገባሁ፤ እዚህ ላይ መደበቅ አልፈልግም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። አጠብኩት፣ ክዳኑን ወለወልኩት፣ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባሁት። ልክክ አለ። ሁለት ወር ያህል እንዲያ ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ «ሞላ እኮ» ይለኛል፤ እኔም ሞላ እላለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት አቧራ ሳራግፍ ያ ዐረፍተ ነገር መጣብኝ፤ ካስታወስኩት በኋላ ያንን ዕቃ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ከደራ የሚመጡ ሰዎችን እያጠያየቅሁ አያ ታገለ በሕይወት እንዳሉ፣ ከሐሙሲት ከተማ ወጣ ብሎ በሚስታቸው ርስት ላይ እያረሱ እንደኖሩ ሰማሁ። አንድ ገጽ ጻፍኩ። ያደረግሁትን፣ ማን እንደወሰደው፣ እሳቸው ንጹሕ እንደነበሩ። በደብራቸው ሰንበቴ ላይ በሕዝብ ፊት ላነብበው አሰብኩ። ብልቃጡን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ በገበያው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አያ ታገለ ደጃቸው ላይ የማረሻ ድግር እየጠረቡ አገኘኋቸው። ጎብጠዋል፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል። ገና ሰላም እንዳልኩ «አለባቸው ነህ» አሉ። በድምፄ ነው ያወቁኝ። ድሮ እርስዎ የሚሉኝ ሰው አንተ አሉኝ፤ ቀለል አለኝ። ተቀመጥኩ፣ ፎጣውን ፈታሁና ብልቃጡን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። በጣታቸው አፉን ዳበሱት፤ ክዳኑን ከፍተው ዘጉት።

«ከየሺ ዘንድ ነው?» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«ሐምሌ ነበር። ደምሴ ከቢሮ ወጣ፣ ዶፍ ይጥላል፣ ጃንጥላ ይዟል፣ አይዘረጋውም። ራሱ እየራሰ ሄደ። ጃንጥላው ሆዱ ተነፍቶ ነበር። ምን ይሆን ብዬ ነበር፤ ቆጠራው ሲመጣ ገባኝ።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

«ምን ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ?» አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ ድግሩን እያገላበጡ ነው የሚያወሩት። «የት አደረግኸው ነው ያልከኝ። ማን ሲወስድ አየህ አላልከኝም። ተላላኪ ነኝ፤ እሱ ዋና ጸሐፊ ነው። ጠይቀኸኝ ቢሆን እናገር ነበር። ሳትጠይቀኝ ብናገር፣ ሌባም ሰው ከሳሽም እባል ነበር።»

 ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ ለመንበርከክ ስነሣ ክንዴን ያዙኝ። «ተቀመጥ፤ ጉልበትህ ደህና አይደለም፣ ስትመጣ አይቼሃለሁ» አሉ። ያን ጊዜ ወረቀቱን አወጣሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ላነብበው እንደሆነ ነገርኳቸው። ድግሩን ማገላበጥ ተዉ።

«እዚህ አገር ሌባ ተብዬ እንደተባረርሁ የሚያውቅ የለም» አሉ። «የደብረ ታቦር ብርድ አልተስማማኝም ብዬ ነው የመጣሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ብርዱን ነው የነገርኋቸው። ዳኛ አድርገውኛል፣ የደብሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ሰጥተውኛል። አንተ ንጹሕ ነው ብለህ ብታነብ፣ ያን ጊዜ ነው የሚሰሙት።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። መንገዱን ሁሉ የመጣሁት ሰውየውን ነጻ ላወጣ መስሎኝ ነው፤ ለካ ራሴን ላቀልል ኖሯል። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«የሚያውቅ አንድ ሰው አለ» አሉ። «ሚስቴ ጥሩዬ። ያኔ አብራኝ ደብረ ታቦር ነበረች። ለሷ ነግሬያት ነበር፤ ሌባ ብለው አባረሩኝ አልኋት። አልወሰድሁም ስላት ‹እሺ› አለች። ከዚያ ወዲህ አንሥታው አታውቅም። እኔም አላነሣሁ። አሁን ከገበያ ትመጣለች። ለሷ አንብብላት። የሱን ስም ግን ዝለለው፤ ሚስቱ በሕይወት ናት። የኔን አንብብ፣ የራስህንም አንብብ፤ ያ ይበቃል።»

እትዬ ጥሩ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረሱ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። የገዙትን ጨውና በርበሬ አስቀመጡ፣ ሰላም አሉኝ፣ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁም። አያ ታገለ «አለባቸው ነው፣ ያ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ። የሚያነብልሽ አለው» አሏቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ከበሩ አጠገብ ቆሙ። አነበብኩ። የአቶ ደምሴ ስም ካለበት ስደርስ «ሌላ ሰው» እያልኩ አለፍኩ። እኔ አለባቸው ሳላጣራ እንደጻፍኩ፣ ታገለ እንዳልወሰዱ፣ ዕቃው ሌላ ቤት እንደተገኘ።  ስጨርስ እትዬ ጥሩ መጥተው ብልቃጡን ከባላቸው ጭን ላይ አነሡት። በእጃቸው መዘኑት።

«ይኼን ያህል ነው?» አሉ። «እኔ እኮ የሚያህለውን እንኳ አላውቅም ነበር። ትልቅ ይመስለኝ ነበር።»

«ምኑ?» አሉ አያ ታገለ።

«የምፈልገው።»

አያ ታገለ ድግሩን መሬት ላይ አኖሩት።

«እዚህ የገባን ዓመት ፈለግሁት» አሉ እትዬ ጥሩ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሳቸው ነው። «እርሻ ስትሄድ መደቡን፣ ጣራውን፣ ፍራሹን። ባገኘው ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እንዲያው ልወቀው ብዬ።»

«አላገኘሽም።»

«አላገኘሁም። ጎታው ቀርቶኝ ነበር። ነቀዝ ገባበት አልሁህ፤ እህሉን ደጅ አውጥተን አሰጣነው።»

«አስታውሳለሁ» አሉ አያ ታገለ። «ሁለት ቀን ሙሉ ተሸከምን። እኔው ነኝ ከሥሩ ያለውን የጠረግሁልሽ።»

«ነቀዝ አልነበረም» አሉ እትዬ ጥሩ።

 አያ ታገለ ከተቀመጡበት ግንድ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፤ እትዬ ጥሩም ብልቃጡን እንደያዙ አጠገባቸው ተቀመጡ።